የጉበት ከረጢቶች ሲበዙ፦ መርፌ፣ ላፓሮስኮፒ ወይስ ሌላ?

ጉበቱ ላይ ብዙ ከረጢት (ፈሳሽ የቋጠረ እብጠት) እንዳለ የተነገረው ሰው መጀመሪያ «ስንት ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። ቀጥሎ «በትንሽ ቀዳዳ ማውጣት አይቻልም?» ይላል። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ግን ምርጫውን የሚወስኑት እነሱ አይደሉም። ሃምሳ ከረጢት ያለው ሰው አንዱ ትልቁ ብቻ በመርፌ ተመጥጦለት ሊያርፍ ይችላል። ሌላው በመቶ የሚቆጠሩ ከረጢቶች ይዞ ምንም ሳይሰማው ይኖራል።

ቁም ነገሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከረጢቶቹ የት ተቀምጠዋል? ሕመሙን የሚፈጥረው የትኛው ነው? ዛሬ የሚደረገው ሕክምናስ ነገ ለሚያስፈልግ ሌላ ሕክምና መንገድ ይዘጋል? ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው አይጠይቅም። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው ለእሱ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ቀዳዳው ትንሽ ስለሆነ ኦፕራሲዮኑ ቀላል ነው ማለት አይደለም። በሦስት አራት ትንንሽ ቀዳዳ ገብቶ (ላፓሮስኮፒ የሚባለው ይሄ ነው) የጉበትን ግማሽ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። ቆዳ ላይ የሚታየው ጠባሳ ውስጥ ስለተሠራው ሥራ ብዙም አይናገርም።

ሕክምና የግድ ነው?

በጉበት ላይ ከ10 በላይ ከረጢት ሲገኝ ሐኪሞች ፖሊሲስቲክ ጉበት ይሉታል። መስፈርቱን ከ20 በላይ የሚያደርጉም አሉ። በዘር የሚመጣ ችግር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከኩላሊት ከረጢቶች ጋር አብሮ ይታያል። ጉበት ላይ ብቻ የሚወጣበት ዓይነትም አለ።

ሴቶች ላይ ይበረታል። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ከረጢቶቹን ያሳድጋቸዋል። ስለዚህ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ወይም የሆርሞን ሕክምና የምትወስድ ሴት ስለ ኦፕራሲዮን ከማሰቧ በፊት እሱን ስለ መቀየር ከሐኪሟ ጋር ትነጋገር። ይሄ ጠባሳ የለው፣ ማደንዘዣ የለው። ካረጡ በኋላ የጉበቱ ማደግ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። የ50 ዓመት ሴትና የ35 ዓመት ሴት ተመሳሳይ ምስል ይዘው ቢመጡ እንኳ የተለያየ ምክር ቢሰጣቸው አይግረምዎ።

የሚገርመው ጉበቱ ሆድ ሞልቶ እንኳ ሥራውን አለማቆሙ ነው። ጤናማ ጉበት ወደ 1.5 ሊትር ይሆናል። በዚህ በሽታ የተያዘው ከ5 ሊትር ሊያልፍ፣ አንዳንዴም 10 ሊደርስ ይችላል። የደም ምርመራው ግን ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። እነዚህ ከረጢቶች ወደ ካንሰር የመለወጥ ባህርይም የላቸውም። እንግዲህ የሚታከመው ሰውየው በቅጡ እንዲበላ፣ እንዲተነፍስና ጎንበስ ብሎ ጫማውን እንዲያስር ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። ምንም የማይሰማው ሰው፣ ምስሉ የቱንም ያህል ቢያስፈራ፣ ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም። ጥቂት ጉርሻ በልቶ መጥገብ፣ የማይለቅ የሆድ ወይም የጀርባ ሕመም፣ ሲተኙ ትንፋሽ ማጠር፣ ክብደት መቀነስ፣ በሆድ ግፊት የሚመጣ ቡአ፦ ለሕክምና በር የሚከፍቱት እነዚህ ናቸው። ያም ሆኖ ሁሉንም በከረጢቱ ከማላከክ በፊት የሐሞት ጠጠርና የጨጓራ ችግር ይታዩ። የከረጢቶቹ ጣሪያ ሁሉ በኦፕራሲዮን ተቆርጦ ሕመሙ ካልለቀቀ ነገሩ ያናድዳል።

ሦስት ዓይነት ጉበት

ቤልጂየማዊው ቀዶ ሐኪም ጂጎ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጡት አከፋፈል እስካሁን ይሠራበታል። አንደኛው ዓይነት ከ10 ሴንቲሜትር በላይ የሆኑ ትልልቅ ከረጢቶች ያሉበት ነው፤ ትልልቆቹ ግን ከ10 ያንሳሉ። ሁለተኛው በመካከለኛ ከረጢቶች የተሞላ፣ ነገር ግን ሰፊ ጤናማ ሥጋ የተረፈለት ጉበት ነው። ሦስተኛው እንደ ወይን ዘለላ ነው። ትንንሽና መካከለኛ ከረጢት ከዳር እስከ ዳር ሞልቶት ጤናማው ሥጋ እዚህም እዚያም ቁራጭ ብቻ ይቀራል።

አሜሪካ ካለው ማዮ ክሊኒክ የወጣ ሌላ አከፋፈልም አለ። እሱ የሕመሙን ክብደት፣ ከከረጢት ነጻ የሆነ የጉበት ክፍል መኖሩን፣ እንዲሁም ወደ ጉበት የሚገቡና ከጉበት የሚወጡ ደም ሥሮች አለመዘጋታቸውን ጨምሮ ያያል። ለውሳኔ ሲሆን እኔ ይሄን እመርጣለሁ። የትኛው ዓይነት እንደሆኑ ለማወቅ አልትራሳውንድ ብቻ አይበቃም። ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ያስፈልጋል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ያለ ንጥረ ቀለም (ምስሉ እንዲጎላ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) የሚነሳ ኤምአርአይ ይሻለዋል።

በመርፌ መጥጦ ማድረቅ

ስክሌሮቴራፒ ይባላል። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ ቀጭን ቱቦ ወደ ከረጢቱ ያስገባል፤ ፈሳሹን ይመጥጣል። ከዚያ ንጹህ አልኮል ያስገባና ጥቂት አቆይቶ መልሶ ያወጣዋል። አልኮሉ ፈሳሽ የሚያመነጨውን የውስጥ ሽፋን ይገድለዋል። በአልኮል ፈንታ ፖሊዶካኖል ወይም ከቴትራሳይክሊን ወገን የሆነ መድኃኒት የሚጠቀሙም አሉ። ጠቅላላ ማደንዘዣ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ወደ ቤት ይኬዳል።

ይህ የሚሆነው ከ5 ሴንቲሜትር የሚበልጥ አንድ ወይም ጥቂት ጎላ ያለ ከረጢት ላለው ሰው ነው። ከረጢቱ ጉበት ውስጥ ጠለቅ ብሎ ቢቀመጥም መርፌው ይደርስበታል፤ ከላፓሮስኮፒ የሚበልጥበት አንዱ ነገር ይሄ ነው። ትንንሹ ለበዛበት ግን አይረባም።

ፈሳሹን ብቻ መጥጦ መተው ዋጋ የለውም፤ ከረጢቱ ተመልሶ ይሞላል። አንድ ጥቅም ግን አለው። የሕመሙ ምንጭ ትልቁ ከረጢት ይሁን ሌላ ካልታወቀ፣ እሱን ባዶ አድርጎ ማየት ይቻላል። ሕመሙ ከለቀቀ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች የግድ ናቸው። የተመጠጠው ፈሳሽ ሐሞት ካለበት አልኮል አይገባም፤ የሐሞት ቱቦን ያቃጥላል። በሌላ በኩል ከውሻና ከበግ ጋር የተያያዘው የኢኪኖኮከስ ትል የሚሠራው ከረጢት ከዚህኛው ጋር ሊመሳሰል ይችላል። እሱ ሳይዘጋጁ በመርፌ ከተወጋ ከባድ የአለርጂ ድንጋጤ ያመጣል፤ ትሉም ወደ ሆድ ሊሰራጭ ይችላል። ትሉ ያለበት አካባቢ የኖረ ሰው መርፌ ከመነካቱ በፊት ይህን ጉዳይ ማንሳት አለበት።

ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከመርፌው በኋላ በነበሩት ሳምንታት ፈሳሽ ተመልሶ መታየቱ የተለመደ ነው። ከረጢቱ ቀስ ብሎ ለመኮማተር እስከ 6 ወር ይፈልጋል። በወሩ አልትራሳውንድ ተነስቶ «አልሠራም» ብሎ ወደ ኦፕራሲዮን መሮጥ ከንቱ ጥድፊያ ነው።

ጣሪያውን በላፓሮስኮፒ ማንሳት

ፌኔስትሬሽን የሚሉት ነው። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1968 ከታይዋን፣ ሊን እና ባልደረቦቹ ካቀረቡት የመጣ ነው። ያኔ የሚሠራው ሆድ ተከፍቶ ነበር። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በላፓሮስኮፒ ይሠራል።

ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል። ካሜራና ረጃጅም መሣሪያዎች በትንንሽ ቀዳዳ ይገባሉ። ሐኪሙ ከጉበቱ ወደ ውጭ ያበጠውን የከረጢት ጣሪያ ቆርጦ ያነሳል። ከረጢቱ ተነቅሎ አይወጣም። የቀረው ግድግዳ ፈሳሽ ማመንጨቱን ይቀጥላል፤ ፈሳሹ ግን ሆድ ውስጥ ፈስሶ የሆድ ዕቃ ሽፋን ይመጠዋል።

ከመርፌው የሚለየው በአንድ ጊዜ ብዙ ከረጢት መክፈት መቻሉ ነው። አንዱ ከተከፈተ በኋላ በእሱ ወለል በኩል ከሥሩ ያለውን መክፈትም ይቻላል። ችግሩም እዚሁ ጋር ነው። በሁለት ከረጢቶች መካከል ያለው ስስ ግድግዳ ውስጥ ደም ሥርና የሐሞት ቱቦ ያልፋል፤ ተለጥጦ ስለሚሳሳ በዓይን አይለይም። ለዚህ ሲባል አንዳንድ ሐኪሞች ኢንዶሲያኒን ግሪን የተባለ ቀለም ቀድመው በደም ሥር ይሰጣሉ። በልዩ ካሜራ ሲታይ የሐሞት ቱቦዎቹን ያበራቸዋል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ካለ ጥሩ ነው። ከሌለ ደግሞ ጥልቁን ከረጢት አሳዶ ከመክፈት ላይ ላዩን ብቻ መሥራት የተሻለ ጥበብ ነው።

ውጤቱን የሚወስነው ቦታ ነው። ከረጢቱ በጉበቱ ፊትና ታች ካለ ይደረስበታል፤ ተከፍቶም ይቀራል። ከኋላና ከዲያፍራም (ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ) ሥር፣ ሐኪሞች ክፍል 7 እና 8 በሚሉት በኩል ካለ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ለመድረስ ያስቸግራል። ቢደረስበትም ጉበቱ ተመልሶ ከዲያፍራም ጋር ሲገጥም አፉ ሊዘጋ ይችላል። ለዚህ ነው ጣሪያው በጠባቡ ሳይሆን በሰፊው መቆረጥ ያለበት። አንዳንዱ ሐኪም አፉ እንዳይዘጋ የሆድ ሞራ ጎትቶ ጉድጓዱ ውስጥ ያስቀምጣል።

ስለ ውጤቱ የተሰበሰቡ ጥናቶች የሚሉት ይህን ነው። ከ10 ሰው ወደ 9ኙ መጀመሪያ ይቀልላቸዋል። ጥያቄው ለምን ያህል ጊዜ ነው። አንድ ከረጢት ብቻ ኖሮት ለተሠራለት ሰው ሕመሙ የሚመለሰው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ፖሊሲስቲክ ጉበት ላለው ግን ከሩብ እስከ ሲሶ በሚሆኑት ላይ ይመለሳል። የተከፈተው ስለተዘጋ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱ የነበረው ትንሽ ከረጢት ባገኘው ክፍት ቦታ ያድጋል። ይሄ የሐኪሙ ጥፋት አይደለም፤ የበሽታው ባህርይ ነው። ግን ቀድሞ ሊነገር ይገባል።

ከሚያጋጥሙት ችግሮች ሐሞት ማፍሰስ፣ መድማት፣ ኢንፌክሽንና ሆድ ውስጥ ውሃ መቋጠር ይገኙበታል። ውሃው የሚቋጠረው ብዙ ከረጢት በአንዴ ሲከፈትና ሽፋኑ የሚመጥበት አቅም ሲያንስ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ይህ ይከብዳል። በመሃል ወደ ክፍት ቀዶ ጥገና መቀየርም አለ። ደም ሲፈስ «በቀዳዳ ካልጨረስኩ» ብሎ ከሚሟገት ሐኪም ሆድ የሚከፍተው ይሻለኛል።

ባጭሩ ይህ መንገድ ለአንደኛው ዓይነት ጉበት ጥሩ ነው። ለሁለተኛው እንደ ቦታው ነው። ለሦስተኛው አልመክርም፤ ሃያ ትንንሽ ከረጢት ቢከፈት ጉበቱ አይቀንስም፣ አደጋው ግን ይበዛል።

በላፓሮስኮፒ ወይም በሮቦት ጉበት መቁረጥ

አንዳንድ ሰው ከረጢቱ በአንድ ወገን ተከማችቶ ሌላው ወገን ይተርፍለታል። ለእንዲህ ያለው ሰው የታመመውን ክፍል ቆርጦ ማውጣትና ከቀረው ላይ ጥቂት ከረጢት መክፈት ይቻላል። ከጣሪያ ማንሳት የበለጠ መጠን ይቀንሳል።

ዋጋው ግን ከባድ ነው። አብዛኛውን ክፍት ቀዶ ጥገና በያዙ የጥናት ስብስቦች ግማሽ ያህሉ ሕሙማን አንድ ዓይነት ችግር ገጥሟቸዋል፤ ሞቱም ወደ 3 በመቶ ነው። የጉበቱ የውስጥ ካርታ በከረጢት ተገፍቶ የተዛባ ነው። ደም ሥሮቹ በለመዱት ቦታ አይገኙም። በላፓሮስኮፒና በሮቦት የሚሠሩት ጥቂት ልምድ ያላቸው ማዕከላት ናቸው። ሮቦቱ ለሐኪሙ እጅ ቅልጥፍና ይጨምራል እንጂ የጉበቱን ካርታ አያስተካክልም።

«መንገድ ይዘጋል?» ያልኩት እዚህ ጋር ይመጣል። ከጉበት ቀዶ ጥገና በኋላ በውስጥ የሚፈጠረው መጣበቅ ለወደፊቱ ንቅለ ተከላ ቢያስፈልግ ሥራውን ያከብደዋል። ላፓሮስኮፒ መጣበቁን ይቀንሰዋል፤ አያጠፋውም። ሕመሙ እየገፋ የሚሄድ ወጣት ሰው ጉበት ከመቆረጡ በፊት የንቅለ ተከላ ቡድን እንዲያየው ቢጠይቅ ቅንጦት አይደለም።

ያለ ኦፕራሲዮን የሚሞከሩት

ደም ሥር መድፈን አለ። ከረጢቶቹ የሚመገቡት በአብዛኛው ከጉበት አርተሪ (ከልብ የሚመጣውን ደም ወደ ጉበት ከሚያደርሰው ደም ሥር) ነው። በቀጭን ቱቦ ገብቶ ያንን ቅርንጫፍ መድፈን ከረጢቱን ቀስ በቀስ ያኮማትረዋል። በተለይ ጃፓን ውስጥ ብዙ ተሠርቶበታል። ሦስተኛው ዓይነት ጉበት ኖሮት ኦፕራሲዮን ለማይችል ሰው ይታሰባል። ለውጡ ወራት ይፈጃል፤ መጀመሪያ ላይ ትኩሳትና ሕመም ይኖራል።

መድኃኒትም አለ። ላንሪዮታይድ እና ኦክትሪዮታይድ በየ4 ሳምንቱ የሚወጉ ናቸው። የጉበቱን መጠን በጥቂት በመቶ ይቀንሳሉ ወይም እድገቱን ይገታሉ። ሲቆሙ ጉበቱ ተመልሶ ያድጋል። ተቅማጥ፣ ቁርጠትና የሐሞት ጠጠር ሊያመጡ ይችላሉ። ትንሹ ከረጢት የበዛበት ሰው ከመርፌና ከላፓሮስኮፒ ይልቅ ከዚህ ተስፋ ቢያደርግ ይሻላል፤ ተአምር ግን አይጠብቅ።

ንቅለ ተከላ በሽታውን ከጉበት የሚያስወግድ ብቸኛው መንገድ ነው። ከስቶ የሰውነቱ ሥጋ ላለቀ፣ መብላት ላቃተው፣ ጉበቱ በሞላ ለተያዘ ሰው ነው። ኩላሊቱም ከደከመ ሁለቱ አብረው ሊተከሉ ይችላሉ።

መርፌና ላፓሮስኮፒ ሲፋጠጡ

በተግባር ብዙ ሰው የሚቸገረው በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው። አንድ የ12 ሴንቲሜትር ከረጢት ከፊት በኩል ያለው ጤነኛ ሰው ሁለቱም ይሆኑለታል። እኔ ብሆን በመርፌ እጀምራለሁ። ካልሠራ ላፓሮስኮፒው የትም አይሄድም። በተቃራኒው መጀመር ግን ለቀላል ነገር ማደንዘዣና ጠባሳ መክፈል ነው። ከፊት አምስት ስድስት ትልልቅ ከረጢት ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። አንድ በአንድ በመርፌ ከመመላለስ በአንድ ላፓሮስኮፒ ማጠናቀቅ ይቀላል።

ከረጢቱ ከዲያፍራም ሥር ከሆነ መርፌ። የልብ ወይም የሳንባ ችግር ኖሮ ማደንዘዣው የሚያሰጋ ከሆነም መርፌ። ፈሳሹ ሐሞት ካለበት ላፓሮስኮፒ።

አንድ ለየት ያለ ጉዳይ አለ። ከረጢቱ ወፍራም ግድግዳ፣ የውስጥ ክፍልፋይ ወይም ሥጋ መሰል እብጠት ካለበት ተራ ከረጢት ላይሆን ይችላል። ያኔ መርፌም ጣሪያ ማንሳትም አይበቃም፤ ሙሉ በሙሉ መውጣት ሊኖርበት ይችላል። ለዚህም ነው በላፓሮስኮፒ የተቆረጠው ጣሪያ ሁልጊዜ ወደ ፓቶሎጂ (የተቆረጠ ሥጋ በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል) መላክ ያለበት።

ድንገት የሚመጣ ኃይለኛ ሕመም ከረጢት ውስጥ የደማ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ በእረፍትና በማስታገሻ ይበርዳል፤ በዚያ ሰዓት መወጋት አይመከርም። ትኩሳት ካለው ደግሞ ከረጢቱ ተመርዞ ሊሆን ስለሚችል ቀዳሚው አንቲባዮቲክ ነው። ሁለቱም ለኦፕራሲዮን ቀጠሮ ጥሩ ጊዜ አይደሉም።

ከመፈረምዎ በፊት

ሐኪሙን እንዲህ ይጠይቁት። «የእኔ ጉበት የትኛው ዓይነት ነው? ሕመሙን የሚያመጡት የትኞቹ ከረጢቶች ናቸው፤ በምስሉ ላይ ያሳዩኝ። እንዲህ ያለ ጉበት በዓመት ስንት ይሠራሉ? ሐሞት ቢፈስ እዚሁ በኢንዶስኮፒ የሚያስተካክል ሰው አለ?» የመጨረሻውን ጥያቄ አይዝለሉት። ሐሞት ሲፈስ ብዙ ጊዜ መፍትሔው በአፍ ገብቶ የሐሞት ቱቦው ውስጥ ስቴንት የምትባል ትንሽ ቱቦ ማስቀመጥ ነው፤ ያ አገልግሎት ከሌለበት ቦታ መሠራት አይመከርም።

የኩላሊት ከረጢትም ካለብዎት የኩላሊት ሐኪምዎ ይወቅ። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችን ያስቀራል፤ ለምስል የሚሰጠውን ንጥረ ቀለም ይመጥናል። በቤተሰብ ውስጥ በአንጎል ደም ሥር መፍረጥ የሞተ ሰው ካለ ከትልቅ ኦፕራሲዮን በፊት የአንጎል ደም ሥር ምርመራ ሊታዘዝ ስለሚችል ይናገሩ።

ከላፓሮስኮፒ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትከሻ ላይ የሚሰማው ሕመም ከተነፋው ጋዝ ነው፤ በቀናት ይለቃል። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ዓይን ቢጫ መሆን፣ እየጨመረ የሚሄድ የሆድ መነፋት፣ ወይም ከቁስሉ አረንጓዴ ቢጫ ፈሳሽ መውጣት ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። በዚያው ቀን ሆስፒታል ይመለሱ።